የነፃ ሕክምና ዝርዝርና የሐይቅ ስኳር ሕመምተኛ

ዛሬ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ሰሞኑን ስለ ጤና መድን መዋጮ ብዙ መልእክት በውስጥ መስመር ደርሶኛል። «በየዓመቱ እንከፍላለን፣ መድኃኒት ስንጠይቅ ግን የለም እንባላለን፤ ታዲያ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበዛበታል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ደግሞ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤታቸው ያለ ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብኛል፤ የምሄደውም ወደማውቀው አገር፣ ወደ ሐይቅ ነው።

ሐይቅን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በውኃዋና በእስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም ነው። ከተማዋ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ትንሽ አለፍ ሲሉ አምባሰል ይመጣል፤ የውጫሌ ውል የውጫሌ። የውጫሌን ውል የማያውቅ አንባቢ የለኝም። ተሁለደሬ ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስታውሰው ሌላ ታሪክ አላት። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ለሙከራ ሲጀምር በአገሪቱ 13 ወረዳዎችን መረጠ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ናቸው፦ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ። ዛሬ በሚሊዮኖች እጅ ያለው የመድን ደብተር መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ሐይቅ ነበረች።

አክስቴ ከመጀመሪያዎቹ ባለ ደብተሮች አንዷ ናት። ደብተሩን በነጠላ ጫፍ ቋጥራ፣ ከኢንሱሊኑ ማሰሮ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ማሰሮው እርጥብ አሸዋ የተሞላ፣ ከጓዳው ጨለማ ጥግ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ብልቃጡ በውስጡ ይቀበራል። ማቀዝቀዣ የሌለበት ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን የሚቆየው እንዲህ ነው። ሳይንሱም ይደግፈዋል፤ ውኃው ሲተን ማሰሮው ይቀዘቅዛል። ወደ ማሰሮው ኋላ እመለሳለሁ።

—

እኛ አገር «ሥር የሰደደ በሽታ» ሲባል እንደ አዲስ ነገር፣ ከከተማና ከዘይት ጋር የመጣ ተደርጎ ይወራል። ስህተት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜ ልክ የሚታከም በሽተኛን ማስተዳደር የተማረው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። አስተማሪው ደግሞ ሥጋ ደዌ ነበር።

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚያው ቦታ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቋቁሞ ነበር፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዛሬም አለ፣ ሥራውም ሰፍቷል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ ኋላም በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት ነበሩ። ከሐይቅ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ የሚመጣው የሥጋ ደዌ ታማሚ መድረሻው ቦሩ ሜዳ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው መድኃኒት ዳፕሶን ነው። በየቀኑ ይዋጣል፣ ለዓመታት ይዋጣል፣ ለአንዳንዱ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ይዋጣል። ሰውየው ሕመም ባይሰማውም መዋጥ አለበት። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት፤ የደም ግፊት ታማሚ ችግርም ይኸው ነው። ሳይታመሙ መድኃኒት መዋጥ። ጥቂት ቆይቶ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል፣ ኪኒኑን ያካፍላል፣ ቀጠሮ ይቀራል። ስለዚህ የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ሠራተኞች ከሐኪምነት ይልቅ መዝገብ ያዢነት ላይ ማተኮር ነበረባቸው፦ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የቀረው የት ነው ያለው። ሕመምተኛውን ከከተማ ውጭ ከማግለል ይልቅ መድኃኒቱን ወደሚኖርበት ማድረስ የሚለው ሐሳብም በዚያ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1981 በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጥምሩን ሲያመጣ ሕክምናው ከዓመታት ወደ ወራት አጠረ። ሥጋ ደዌም ከ«ዕድሜ ልክ» ዝርዝር ወጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ለመድኃኒቱ አይከፍልም። የሳንባ ነቀርሳውም አይከፍልም። ይህ ውሳኔ ዛሬም በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የምታዩት የነፃ አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ከእርግዝና ክትትል፣ ከወሊድ፣ ከክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር። የዝርዝሩ አመክንዮ ግልጽ ነው። ካንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ የጎረቤትም ጉዳይ ስለሆነ ሕዝብ ይከፍለዋል፤ እናትና ሕፃንም የአገር አደራ ናቸው። ስኳር ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ስኳር የግል ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ይህን «ክፋት ነው» ማለቴ አይደለም፤ ዝርዝሩ በወጣበት ጊዜ አገሪቱን የሚገድላት ሌላ ነበር። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ምክንያት የሆነው ደምቢያን ያጠፋው የወባ ወረርሽኝ ነው። የተሠራው ቤት ለወረርሽኝ የተሠራ ቤት ነው።

—

አሁን ደግሞ ወሎ ስለሆንን ስለ ረሃብ ሳናወራ አናልፍም።

የ1965/66 እና የ1977 ረሃብ ከሞቱት ሰዎች አንጻር ብዙ ተጽፎበታል። ስለተረፉት ሰዎች ሰውነት ግን ብዙም አልተባለም። ዶክተር ፍራንክ ሌስተር በጥቁር አንበሳ የስኳር ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሐኪም ነበሩ። በመጽሐፍ የተጻፈውን ስኳር የማይመስል ስኳር በተደጋጋሚ ያዩና ይጽፉ ነበር፦ ወጣት፣ ገጠሬ፣ ደሃ፣ በጣም ቀጭን ሰው። በኋላ በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ገጠር ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው፣ ነገር ግን አውሮፓ ውስጥ «ዓይነት አንድ» ከሚባለው በመልኩ የሚለይ፣ በልጅነቱ የተራበ ሰው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚባል ምድብ ነበረው። በ1999 ማስረጃው አይበቃም ብሎ ሰረዘው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የእኛ ቀጭን ሕመምተኛ በዓለም መጽሐፍ ውስጥ ስም አልነበረውም። በመጋቢት 2017 መጨረሻ ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ መልሶ እውቅና ሰጠው። ክርክሩ አላለቀም፤ የማይስማሙ ሐኪሞች አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዳኝነት አልሰጥም። የታሪክ ሰው ሆኜ የምለው ግን አለ። «ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው» የሚለው ወሬያችን ወሎን አይገልጽም። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ የሚቀመጡት ኢንሱሊን ፈላጊዎች ሁሉ ሥጋና ለስላሳ የበዛባቸው አይደሉም። አንዳንዶቹ የ77 ልጆች ናቸው።

ይህ ወሬ ጉዳት አለው። ጥፋቱን ሕመምተኛው ላይ ይጥላል። «ማን አብላ አለህ?» ካልን በኋላ «እንግዲህ ክፈል» ማለት ይቀለናል።

ጎንደርና ጅማ በዚህ ረገድ ሊመሰገኑ ይገባል። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ከተመሠረተው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሩማቲክ፣ አስም፤ ሁሉም በሠለጠነ ነርስ እጅ። ሕመምተኛው ለአንድ ወር መድኃኒት ሁለትና ሦስት ቀን በእግሩ መጓዙ ቀረለት። ትልቁ ግኝት መድኃኒት አልነበረም። ሐኪም ያስፈልገዋል የተባለው ሥራ ነርስና ንጹሕ መዝገብ ካገኘ እንደሚሠራ ማሳየቱ ነው። ሥጋ ደዌ ያስተማረውን ስኳር ላይ መድገም ማለት ነው።

—

ሁለተኛው ትልቅ አስተማሪ ኤች አይ ቪ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ቀስ በቀስም ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ አገሪቱ በታሪኳ አይታ የማታውቀውን ነገር ሠራች፦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕመምተኛን ለዕድሜ ልክ የሚከታተል ሥርዓት። ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ካርድ፣ የቀጠሮ መዝገብ፣ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰው፣ ራሱ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር አማካሪ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ደህና የሆነ ሕመምተኛ የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ተሰጥቶት እንዲሄድ ተፈቀደ።

እንግዲህ በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሁለት አገር አለ። በግራ በኩል የስድስት ወር መድኃኒቱን በነፃ ይዞ የሚወጣ ሰው። በቀኝ በኩል በየወሩ የሚመላለስ፣ ተመላልሶም «ከውጭ ግዙ» የሚባል የስኳር ሕመምተኛ። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ይታከማሉ። ሁለቱም ካቆሙ ይሞታሉ፤ ኢንሱሊን ፈላጊው እንዲያውም በፍጥነት ይሞታል። ልዩነቱን የፈጠረው የገንዘቡ ምንጭ ነው። የግራው ክፍል በግሎባል ፈንድና በአሜሪካ ገንዘብ የቆመ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ ርዳታዋን ስታቆም በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት መቋረጡን ታስታውሳላችሁ። የቀኙን ክፍል ገንዘብ ማን ይስጥ? እዚህ ላይ ነው መድኑ የሚመጣው።

—

ከመድኑ በፊት እንዴት ነበር? ጤና ጣቢያው ከሕመምተኛ የሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ለመግዛት አይጠቀምበትም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለመቀየር ታሰበ፤ አማራ ክልል ተቋማቱ ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ከፈቀዱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ደሃው ደግሞ ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያጽፍ ነበር። ወረቀቱን ለማግኘት የሚባክነውን ቀንና የሚያስፈልገውን ትውውቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ እንግዳ አልነበረም፤ እድርን የሚመስል ሐሳብ ነው። ሰው በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይጠቀማል። እድር የሞተን ይቀብር ነበር፤ ይኸኛው የታመመን ያሳክም ተባለ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች ሞክራው ነበር። ጋና በ2003 በሕግ አወጣችው። ጃፓን ደግሞ በ1938 በመንደር ማኅበራት ጀምራ፣ ሁሉንም ዜጋ የሸፈነችው በ1961 ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት፣ በመሐልም አንድ የዓለም ጦርነት። (ይህን የምጽፈው «ለምን አልሠራም?» ብላችሁ ለምትቸኩሉ ነው።)

በአማራ የሙከራ ወረዳዎች መዋጮው በነፍስ ወከፍ በወር 3 ብር ሆኖ ተጀመረ። ፌዴራል መንግሥት ከሚሰበሰበው መዋጮ ሩቡን ያህል ድጎማ ጨመረ። መክፈል ለማይችሉት ወረዳና ክልል ተጋርተው ከፈሉ። አባል ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከኪሱ አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው በሪፈር ከላከው ሆስፒታልም ይታከማል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግን ግማሹን ይከፍላል። መዋጮው የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ባለበት ወቅት ነው።

ሠራ? ሠራ። የሙከራው ግምገማ በ13ቱ ወረዳዎች ከሚገባቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ መግባታቸውን አሳይቷል፤ በውዴታ ለተመሠረተ መድን ይህ ከፍተኛ ነው። የአባላት የሕክምና አጠቃቀምም አባል ካልሆኑት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ተሁለደሬ ሌሎች ወረዳዎች ልምድ ሊቀስሙ የሚሄዱባት ሆነች። ሐይቅ ጤና ጣቢያ ሰልፍ በዛ። አክስቴ ያኔ «አሁን እንኳ እንደ ሰው ታከምን» ትል ነበር።

ነገር ግን ንድፉ የተሠራው ለወባና ለሳንባ ምች ነው። ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይታመማል፣ ይታከማል፣ ይድናል፤ ሒሳቡ በዚህ ላይ ቆመ። ከዚያ አክስቴ መጣች። በዓመት 12 ጊዜ የምትመጣ፣ የማትድን፣ የማትወጣ አባል። ጤነኛው ጎረቤቷ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት «ገንዘቤን በላችሁብኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አልታመምሁም» ብሎ ደብተሩን ሳያሳድስ ይቀራል። እሷ ግን ዶሮ ሸጣም ቢሆን ታሳድሳለች። በውዴታ ላይ የቆመ መድን የትም አገር የሚገጥመው ችግር ነው፤ ጤነኛው ይወጣል፣ ሕመምተኛው ይቀራል፣ ካዝናው ይሳሳል። ከዚያ መዋጮ ይጨመራል። መዋጮ ሲጨመር ሌላ ጤነኛ ይወጣል።

ሰው እድርን ለምን አይተውም? ሁሉም እንደሚሞት ስለሚያውቅ። እንደሚታመም ግን ማንም አያምንም።

የወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ የጤና ጣቢያውን የሒሳብ ጥያቄ አጣርቶ ለመክፈል ጊዜ ይወስዳል። ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አቅራቢውን መክፈል ያቅተዋል። መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ባዶው መደርደሪያ መጀመሪያ የሚያገኘው በየወሩ የሚመጣውን ሰው ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሁለት ቀን ቢታገሥ ይድናል። እናንተ የጻፋችሁልኝ ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው፤ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ክፋት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ወደ ግል ፋርማሲ ስትላኩ ገንዘባችሁ የሚመለስበት መንገድ አለ ይባላል፤ ደረሰኝ ይዛችሁ ተመላለሱና ታዩታላችሁ። የኩላሊት እጥበት ደግሞ ከመጀመሪያው ከጥቅሉ ውጭ ነው። ግፊቱና ስኳሩ ለዓመታት ሳይታከም ቀርቶ ኩላሊት የደከመበት ሰው፣ መድኑ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት መድኑ ያልቃል።

የበሽታውን ስፋት በተመለከተ አንድ ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው ዳሰሳ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳየ። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ብዙዎቹ አያውቁትም። ሁሉም አውቀው አንድ ጠዋት ሐይቅ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቢሰለፉ መድኑ በሳምንት ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ የቆመው ሰዎች ባለማወቃቸው ላይ ነው።

—

አሁን ወደ ማሰሮው ልመለስ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ወረደ። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። አምስት ሳምንት ያህል።

የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው። 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት ለሚወስድ ሰው አንድ ወር ይቆያል። ከተከፈተ በኋላም ብርታቱ የሚታመነው ለአራት ሳምንት ያህል ነው። አምስት ሳምንት ከአንድ ብልቃጥ ይበልጣል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የወር ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛ ጦርነት ሲደርስበት እጁ ላይ ያለው ቢበዛ የአንድ ወር ዕድሜ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የወሰደ ሰው እንኳ አይደርስም። ደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ የተረፈው መድኃኒት ከየመደርደሪያው ተለቅሟል። የሕመምተኛ ካርድ መሬት ላይ ተበትኗል። ስለ ተዘረፉ ማሽኖች ብዙ ሰማን፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ካርዱም ማሽን ነው። የመድኃኒቱ መጠን፣ የዓይኑ ምርመራ፣ የኩላሊቱ ውጤት፣ የዐሥር ዓመት ታሪኩ እዚያ ላይ ነበር።

አክስቴ ማሰሮዋ ውስጥ የነበረውን ብልቃጥ በግማሽ እየቀነሰች ወሰደች። ኋላም በአንድ ሦስተኛ። ተረፈች። የተረፈችው ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ የእሷ ዓይነት ስኳር የራሱን ጥቂት ኢንሱሊን ከሚያመርት ሰውነት ጋር ነው። ምንም የማያመርት ልጅ እንዲህ ማድረግ አይችልም። ለእሱ ኢንሱሊን ማቆም ማለት የቀናት ወይም የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን በመድኃኒት እጦት የሞተ ሰው በጦርነት ሰለባዎች ቁጥር ውስጥ የሚገባበት ዓምድ የለም። ቤተሰቡ «ስኳር ነው የገደለው» ይላል፤ ለለቅሶ የመጣውም አብሽሩ ብሎ ይመለሳል።

ፍትሐዊ ለመሆን ይህንንም ልጨምር። ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች ሦስቱ ትግራይ ውስጥ ነበሩ፤ ክልተ አውላዕሎ አንዱ ነው። ውቅሮ የነበረች የእኔ አክስት ቢጤ ደብተሯን ይዛ የጠበቀችው አምስት ሳምንት ብቻ አይደለም። የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊንና የኩላሊት እጥበት ዕቃ ማለቁን ለወራት ሲጮኹ ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሙከራ አብረው የጀመሩ ሁለት ገበሬዎች በሁለት ግንባር በአንድ ዓይነት እጦት ተቀጡ።

የታሪክ ነገር ሆኖብኝ ደግሞ አንድ ቀን ይታወሰኛል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ተመትቷል፤ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። 86 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ኅዳር 27 ቀን 2014 ደሴ ተመለሰች ሲባል ሆስፒታሉ ባዶ ነበር። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት አለ። በ1928 ደሴ ውስጥ በየወሩ ኢንሱሊን የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ከተገኘ ገና ዐሥራ ጥቂት ዓመቱ ነበር። በ2014 ግን በዚያ ሆስፒታልና በዙሪያው ጤና ጣቢያዎች ላይ ሕይወታቸው የተንጠለጠለ ብዙ ሰዎች ነበሩ። የጤና ሥርዓቱ ባደገ መጠን፣ ሲቋረጥ የሚገድለውም ሰው ይበዛል።

—

ከዚያ ወዲህስ? ተቋማቱ ተጠግነዋል፤ ሐይቅም ሆስፒታሏ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ግን መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይንቀሳቀስም፤ የመድን መዋጮ የሚሰበስበውም የቀበሌ ሰው እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። በተሁለደሬው ጃሪ መጠለያ ያሉ ተፈናቃዮች ደግሞ አሉ። መድን በወረዳና በቀበሌ የተመዘገበ ነው፤ ሰውየው ግን ከቀበሌው ወጥቷል። ግፊቱና ስኳሩ አብረውት መጥተዋል፣ ደብተሩ አልመጣም።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ለመቃወም ለምትፈልጉ በግልጽ ላስቀምጠው። መዋጮ ይጨመር አይጨመር የሚለው ክርክር ከዋናው ነገር ያሳስተናል። የገበሬ ዓመታዊ መዋጮ የዕድሜ ልክ በሽታን ብቻውን አይሸከምም፤ የትም አገር አልተሸከመም። ጃፓንም ሩዋንዳም የመንግሥት ገንዘብ እያፈሰሱበት ነው የቆመው። ስለዚህ ያንን የግድግዳ ዝርዝር እንክፈተው። ሁሉንም እንጨምር አልልም። ሦስት ነገር ብቻ፦ ኢንሱሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ለልብ ሩማቲክ በየወሩ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ሁለቱ ርካሽ ናቸው። ኢንሱሊኑ ውድ ነው፤ ቢሆንም የሚያቋርጠው ሰው የሚሞተው በሱ ነው። አሁን በውጭ ርዳታ በተመረጡ ሆስፒታሎች ለልጆች በነፃ የሚሰጥ ኢንሱሊን አለ፤ ልጁ ዐዋቂ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ግን ሥርዓቱ አልመለሰም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለምትሉኝ፣ ከትንባሆና ከመጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ የተወሰነ ድርሻ ለዚህ ይመደብ እላለሁ። ታክሱ አለ፤ የት እንደሚገባ ነው ጥያቄው። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ገቢን ለአንድ ዓላማ ማሰር አይወዱም። ምክንያታቸውም ተራ አይደለም፤ አንዱ ዓላማ ከታሰረለት ነገ መቶው ይሰለፋል። በዚህ ላይ የምታውቁት ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ስማችሁን ሳልጠቅስ አወጣዋለሁ።

ሌላው ርካሽ ነገር ነው። ለስኳርና ለግፊት ሕመምተኛም የኤች አይ ቪ ክፍሉን ሕግ ተውሱ፤ ደህና ለሆነ ሰው የሦስት ወር መድኃኒት ስጡ፤ በግጭት ቀጣና ላለ ሰው ደግሞ የመጠባበቂያ ብልቃጥ ጨምሩ። ካርዱን ቅጂ አድርጋችሁ ለሕመምተኛው ስጡት። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፣ የወረዳ ስብሰባ ይበቃል።

አክስቴ ባለፈው ጾም ሳነጋግራት ማሰሮዋን ቀይራዋለች። አሮጌው ሰንጥቆ ነበር። አዲሱን የገዛችው ሐይቅ ገበያ ነው፤ በውስጡ ሁለት ብልቃጥ እንዲቀመጥ ሰፋ ያለውን መርጣለች። ሁለተኛው ብልቃጥ ግን ገና አልተገኘም።